የንጉሠ ነገሥቱ ዲቃላ ኤንዞ፦ የሚወራውና እውነታው

ጣሊያን ውስጥ፣ በቦሎኛ ዋና አደባባይ አጠገብ፣ አናቱ ላይ ግንቡ እንደ ጥርስ የተደረደረ ትልቅ የጡብ ሕንፃ አለ። «የንጉሥ ኤንዞ ቤተ መንግሥት» ይሉታል። ኤንዞ ግን የቤቱ ጌታ ሳይሆን እስረኛው ነበር። በመካከለኛው ዘመን ጀርመንንና የጣሊያንን ክፍል ይገዛ የነበረው የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬድሪክ ከጋብቻ ውጭ የወለደው ልጅ ነው። ስለ እሱ ብዙ ይወራል፤ ወሬው ግን ሰውየውን ራሱን ጋርዶብናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዲቃላ ስለሆነ አባቱ ደብቆ አሳደገው»

በፍጹም። ዙፋን አይወርስም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በ1239 አባቱ በጣሊያን እንደራሴው አድርጎ የሾመው እሱን ነው። በ1241 የሮም ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 9ኛ ወደ ጠሩት ጉባኤ በባሕር ይጓዙ የነበሩ ብዙ ጳጳሳት ጂሊዮ ደሴት አጠገብ በአባቱ ወገን ሲማረኩም በዘመቻው ነበረበት። በሕግ የተወለደው የበኩር ልጅ ሄንሪ በአባቱ ላይ አምፆ በ1235 ታሰረ፤ ከእስር ሳይወጣ በ1242 ሞተ። ፍሬድሪክ በጣሊያን የተማመነው በዲቃሎቹ ነበር፦ በኤንዞ፣ ቶስካናን ባስተዳደረው የአንጾኪያው ፍሬድሪክ፣ ኋላም በማንፍሬድ። ምክንያቱ አይከብደኝም። ዲቃላ ያለው ሁሉ ከአባቱ እጅ የመጣ ነው፤ አባቱ ከወደቀ የሚተርፈው የለም።

«የሰርዲኒያ ንጉሥ ሆኖ ደሴቲቱን ገዛ»

ማዕረጉን እስኪሞት ይዞታል፤ አገሩን ግን አልገዛም። በ1238 በደሴቲቱ ላይ ያሉት የቶሬስና የጋሉራ ግዛቶች ወራሽ የነበረችውን አደላሲያን አገባ፤ አባቱም ንጉሥ አለው። ሰርዲኒያ የእኔ ናት ትል የነበረችው የሮም ቤተ ክርስቲያን በዚህ ተቆጣች። በዓመቱ ለአባቱ ጦርነት ተጠርቶ ከደሴቲቱ ወጣ፤ በወጣበት ቀረ።

«በባልዲው ጦርነት ተማረከ»

ቦሎኛና ሞዴና በእንጨት ባልዲ ምክንያት ተዋጉ የሚባለው በ1325 ነው። ያኔ ኤንዞ ከሞተ 53 ዓመት ሆኖታል። ሁለቱን ዘመናት የቀላቀለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አስቂኝ ግጥም ነው። ኤንዞን ቦሎኛዎች የማረኩት ሜይ 26 ቀን 1249፣ ሞዴና አቅራቢያ ፎሳልታ ላይ ነው።

«ዕድሜውን በጨለማ ጉድጓድ ጨረሰ»

እስሩ 23 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ነበር የቀሩት። ቦታው ግን ጉድጓድ አልነበረም። ቀን በአዳራሹ ይንጎራደዳል፣ እንግዳ ይቀበላል፤ ሲመሽ ይቆለፍበታል። አባቱ ልጄን ልቀቁ ብሎ ለከተማይቱ ሲጽፍ፣ ትንሽ ውሻም ከርከሮ ይይዛል የሚል መልስ እንደተሰጠው ይነገራል። ልጁንም አልለቀቁም።

የቅጣቱ ክብደት ሌላ ላይ ነው። ፍሬድሪክ በ1250 ሞተ። የኤንዞ ወንድም ኮንራድ በ1254 ተከተለ። ማንፍሬድ በ1266 ቤኔቬንቶ ላይ ወደቀ። የኮንራድ ልጅ ኮንራዲን በ1268 ኔፕልስ ላይ አንገቱን ተቀላ፤ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ኤንዞ የወገኑን መርዶ አንድ በአንድ የሰማው እዚያው ታስሮ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያስፈታው ዘመድ ይቅርና የሚደራደርለትም አልቀረም።

«በበርሜል ተደብቆ ሲያመልጥ ወርቃማ ጸጉሩ አጋለጠው»

ተረት ነው። ሉቺያ ከምትባል የገጠር ልጅ ወልዶ፣ ኋላ ቦሎኛን የገዛው የቤንቲቮሊዮ ቤተሰብ ከዚያ መጣ የሚለውም እንዲሁ። የቤተሰቡ ስም በጣሊያንኛ «እወድሻለሁ» ከሚለው አባባል ጋር ስለሚገጥም ወሬው ጣፈጠ፤ ለገዢ ቤተሰብም የንጉሥ ደም ማግኘት ጥሩ ነበር። በኑዛዜው ያነሳቸው ልጆች ግን ኤሌና፣ ማዳሌናና ኮስታንዛ ናቸው።

«የጦር ሰው ብቻ ነበር»

ይህኛው የሚያናድደኝ ነው። ኤንዞ በአባቱ ቤተ መንግሥት ዙሪያ በላቲን ፈንታ በሕዝቡ ቋንቋ ቅኔ ከጀመሩት ገጣሚዎች አንዱ ነው፤ ጥቂት ግጥሞቹ ዛሬም አሉ። በማርች 1272 ሲሞት፣ ያሰረችው ከተማ ራሷ በንጉሥ ወግ ሳን ዶሜኒኮ ቤተ ክርስቲያን ቀበረችው። ብዙዎች በእስር ቤት ጻፈው በሚሉት አንድ ዘፈኑ ውስጥ፣ እሱ መሄድ ስላልቻለ ዘፈኑን ይልከዋል፦ ቶስካናን ሰላም በልልኝ፣ ከዚያም በደቡብ ጣሊያን ወዳለው ወደ ፑልያ ሜዳ፣ ሌት ተቀን ልቤ ወዳለበት ወደ ካፒታናታ ሂድ ይለዋል።