ሚሊዮን እንቁላል፣ ጥቂት ወላጆች፦ የባሕር ዓሣ መራባትና የተፈጥሮ ምርጫ

ሀዋሳ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ሲበለት ያየ ሰው የዓሣ እንቁላል አዲስ አይሆንበትም። የቆሮሶዋ ሆድ ሲቀደድ ቢጫ የእንቁላል ከረጢት ይወጣል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ይሻሙበታል። ቆሮሶ በአንድ ጊዜ የምትጥለው ከጥቂት መቶ እስከ ሁለት ሺህ ገደማ ነው። እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ታስፈለፍላለች። ግልገሎቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይሸሸጋሉ። አምባዛ ደግሞ በብዙ አሥር ሺዎች ትጥልና ጥላው ትሄዳለች።

ባሕር ውስጥ ቁጥሩ ሌላ ነው። በሰሜን አትላንቲክ የሚኖረው ኮድ የተባለ ዓሣ ትልቋ ሴት በአንድ የመራቢያ ወቅት ብዙ ሚሊዮን እንቁላል ትጥላለች። አንዱ እንቁላል አንድ ሚሊሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ጠባቂ የለውም፤ ማዕበል ወደ ወሰደው ይሄዳል። የተፈለፈለው እጭ ለጥቂት ቀን አስኳሉን ይመገባል። ያ ሲያልቅ ምግብ አጠገቡ ካላገኘ አለቀለት። የዓሣው ብዛት ባለበት እንዲቆይ ከአንዲት እናት የዕድሜ ልክ እንቁላል ውስጥ በአማካይ ሁለት ብቻ ለወላጅነት ቢደርሱ ይበቃል።

ግን አማካይ ብዙ ነገር ይደብቃል። የኖርዌዩ ተመራማሪ ዮሐን ዮርት በ1914 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንዳሳየው፣ በ1904 የተፈለፈሉ የሄሪንግ ዓሦች ብቻቸውን ለበርካታ ዓመታት የኖርዌይን መረብ ሞልተው ነበር። የሌሎቹ ዓመታት ልጆች ከእነሱ ጋር ሲወዳደሩ እዚህ ግቡ የሚባሉ አልነበሩም። በ1994 ደግሞ ዴኒስ ሄጅኮክ የተባለ ተመራማሪ ነገሩን በሎተሪ መሰለው፦ ልጆቻቸው ትክክለኛው ቦታ ላይ በትክክለኛው ሰዓት የደረሱላቸው ጥቂት ወላጆች መጪውን ትውልድ ይሞላሉ፤ አብዛኞቹ አንድም አይተኩም። ባሕሩ ውስጥ እልፍ አእላፍ ዓሣ እየዋኘ የዘር ልዩነቱ ከብዛቱ አንጻር ትንሽ የሚሆነውም በዚህ ሳቢያ ነው ተባለ።

ታዲያ ዕድል ብቻ ነው? ለእኔ የዚህ ርዕስ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። የአንዲት እናት ልጆች እንኳ እርስ በርሳቸው በዘረመል ይለያያሉ። አንዱ ቅዝቃዜ ይችላል፤ አንዱ በሽታ ይቋቋማል፤ አንዱ ጥልቅ ውሃ ይስማማዋል። ጥቂት የሚወልድ እንስሳ አብዛኞቹን ልጆቹን ቢያጣ ዘሩ ይጠፋል። ኮድ ግን ሚሊዮኖቹ ቢረግፉም ይቀጥላል። ስለዚህ ተፈጥሮ በአንድ ትውልድ ውስጥ አጥብቃ ማበጠር ትችላለች። የአይስላንዱ ተመራማሪ አይናር አርናሰንና ባልደረቦቹ የአይስላንድን ኮድ ሙሉ ጂኖም (የዘረመሉን መረጃ በሙሉ) አንብበው በ2023 ያወጡት ጥናትም ወደዚህ ያደላል። ያገኙት የልዩነት አሻራ ከጭፍን ዕድል ይልቅ ከተደጋጋሚ ምርጫ ጋር ነው የገጠመው። ጠቃሚ ለውጥ የያዘ ክሮሞዞም በፍጥነት ይስፋፋል፤ አጠገቡ ያሉትንም ጂኖች ይዞ ይሄዳል፤ እዚያ አካባቢ የነበረው ልዩነት ይጠፋል። ሁኔታው ሲቀየር ተራው የሌላ ጂን ይሆናል።

በአንዲት የዘረመል ለውጥ ላይ የሚታይ ምሳሌ ከፈለግን በሰሜን አውሮፓ ያለው የባልቲክ ባሕር ሄሪንግ አለ። ባልቲክ የዛሬ መልኩን ከያዘ 10 ሺህ ዓመት አይሞላውም። ውሃው ውስጥ የሚገባው ብርሃን ወደ ቀይ ያደላል። እዚያ ያለው ሄሪንግ ዓይኑ ውስጥ ያለችው ሮዶፕሲን የተባለች ፕሮቲን አንድ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ቅንጣቶች አንዱ) ተቀይሮባት ያንን ብርሃን በደንብ ትቀበላለች። ዓሣው በዚያ ውሃ ውስጥ ማየት ስላለበት ይቺ ትንሽ ለውጥ ብዙ ትጠቅመዋለች።

የሰው መረብም ይመርጣል፣ ያውም በግልባጩ። ትልልቆቹን ይለቅማል። ትልቅ እናት ደግሞ በክብደቷ ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ ነው የምትጥለው። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ኮዱ ከመመናመኑ በፊት በለጋ ዕድሜና በትንሽ ቁመት ለመራባት መድረስ ጀምሮ ነበር። በ1992 ማጥመድ ታገደ። ይህን ያህል እንቁላል የሚጥል ዓሣ በጥቂት ዓመት ያገግማል ብለው የጠበቁ ብዙ ነበሩ። እገዳው የተነሳው ግን በ2024 ነው፣ ያውም በትንሽ ኮታ።