የአሜሪካ ሃይስኩል ባቾች ሪዩኒየን

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዓመት 12ኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ከዓመታት በኋላ ተሰባስበው ይገናኛሉ። ሪዩኒየን ይሉታል። ብዙ ጊዜ በየ10 ዓመቱ ነው፤ በየ5 ዓመቱ የሚገናኙ ባቾችም አሉ። 50ኛው ዓመት የተለየ ክብር አለው።

ዝግጅቱ ቅዳሜና እሁድን ይይዛል። አርብ ማታ አንድ ባር ውስጥ ሰብሰብ ብሎ ሰላምታ መለዋወጥ ነው። ቅዳሜ ቀን ትምህርት ቤቱን ይጎበኛሉ፤ ማታ እራትና ጭፈራ አለ። እሁድ ቤተሰብ ይዞ ፓርክ መሄድ የተለመደ ነው። አንዳንዶች በመስከረም ወይም በጥቅምት፣ የትምህርት ቤታቸው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በሜዳው ሲጫወት ያደርጉታል። ሌሎች ኅዳር ላይ፣ ሰው ለታንክስጊቪንግ (የምስጋና በዓል) ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ ይመርጣሉ።

ከድግሱ ይልቅ ከባዱ ሥራ ፍለጋው ነው። በብዙ ቦታ የ12ኛ ክፍል ተመራጮች የነበሩት ኮሚቴውን ይመራሉ። አዳራሽ ይይዛሉ፣ ቲኬት ይሸጣሉ፣ የጠፋውን ሰው ያስሳሉ። ሴቶችን ማግኘት በተለይ ያስቸግራል፤ ብዙዎቹ ሲያገቡ የባላቸውን የቤተሰብ ስም ይወስዳሉና። ስለዚህ ደረት ላይ የሚለጠፈው ባጅ የድሮውን ስም ይይዛል። አጠገቡ ከምሩቃን መጽሔቱ የተወሰደ የልጅነት ፎቶ ይኖራል። የ68 ዓመት ሰው ፊት ላይ የ18 ዓመቱን ልጅ ለማግኘት ይህች ፎቶ ትልቅ ውለታ ትውላለች።

ፌስቡክ ከመጣ ወዲህ ሪዩኒየን ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችን የሚቀበለው በአብዛኛው በመኖሪያ ሰፈራቸው ነው። ሐኪሙም ሹፌሩም አንድ ክፍል ተቀምጠዋል። በኋላ ሕይወት የለያያቸውን ሰዎች በአንድ ገበታ የሚያስቀምጥ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብዙ አይገኝም። ደግሞም በየአዳራሹ ጥግ የሞቱ ጓደኞች ፎቶ የሚደረደርበት ጠረጴዛ አለ። ስማቸው አንድ በአንድ ይነበባል።

ይበልጥ ልብ የሚነካው ግን ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ሰዎች ሪዩኒየን ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ትልቅ ድል ነበር። በደቡብ ግዛቶች ሲተገበር ግን አብዛኛውን ጊዜ የተዘጉት የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች ሆኑ። ብዙ ጥቁር ርዕሳነ መምህራንና መምህራን ሥራቸውን አጡ። በአርካንሳስ፣ ሊትል ሮክ ከተማ የጥቁሮች ትምህርት ቤት የነበረው ደንባር ሃይስኩል በ1929 ነበር የተከፈተው። በ1955 ሃይስኩልነቱ ቀርቶ ዝቅተኛ ክፍሎችን ብቻ የሚያስተምር ሆነ። የቀድሞ ተማሪዎቹ ግን ማኅበር መሥርተው መገናኘታቸውን ቀጠሉ። እንዲህ ያለው ሪዩኒየን ባች አይለይም። አዲስ ተመራቂ ስለማይጨመር ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል።

አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያንም ባች ሳይለዩ በትምህርት ቤታቸው ስም ይሰባሰባሉ። ተፈሪ መኮንን ወይም ጄኔራል ዊንጌት የተማረ፣ ቀድሞ የጨረሰውን እንደ ታላቁ፣ ዘግይቶ የገባውን እንደ ታናሹ ያየዋል። ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድርም ለዚህ ይመቻል። በሰኔ መጨረሻ ሰው ከየግዛቱ ወደ አንድ ከተማ ስለሚጎርፍ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛን እዚያው ስታዲየም በር ላይ ማግኘት ይቻላል።