ጥይትን የምታቆም ብልጭታ

የወተት ጠብታ ስስ ወተት የተኛበት ሳህን ላይ ጠብ ስትል እኛ የምናየው ትንሽ ርጭት ነው። ፎቶው ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ወተቱ ዙሪያውን እንደ አጥር ይነሣል። የአጥሩ ጫፍ ወደ ቀጫጭን ዘንጎች ይከፋፈላል። በየዘንጉ አናት ላይ አንዳንድ እንክብል ወተት ቁጭ ይላል። ቁርጥ ዘውድ! ለዓይን የማይያዝ እንዲህ ያለ ቅጽበትን አስቁሞ የማሳየት ሥራ የከፍተኛ ፍጥነት ፎቶግራፍ ይባላል።

ጀማሪ ተማሪ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካሜራ ነው። ስለ ፍላሹ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ክፍሉ ይጨልማል፣ ሹተሩ (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባው መዝጊያ) ተከፍቶ ይጠብቃል። ጨለማ ስለሆነ ምንም አይቀረጽም። ከዚያ ፍላሹ አንዴ ቦግ ብሎ ይጠፋል። ሹተሩ 2 ሰከንድ ሙሉ ቢከፈትም ካሜራው ያየው ያቺን ቦግታ ብቻ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። የጠመንጃ ጥይት በሰከንድ 850 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ1/8000 ሰከንድ ሹተር ብናነሣው በዚያች ቅጽበት 10 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ፎቶው ላይ የሚቀረው ጭረት ብቻ ነው። ፍላሹ የሚቆየው የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ከሆነ ግን ጥይቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ብርሃኑ ይጠፋል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1851 የሚሽከረከር ጎማ ላይ የጋዜጣ ገጽ ለጥፎ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አነሣው። በ1878 ፎቶግራፍ አንሺው ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ 12 ካሜራ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ ቀረጸ። ለካ የፈረሱ አራት እግሮች አየር ላይ የሚሆኑት ሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው እንጂ ሠዓሊዎች እንደሚስሉት ሲዘረጉ አይደለም!

ዘርፉን ለሁላችንም ያመጣልን ግን ሃሮልድ ኤጀርተን ነው፤ እኔም ልቤ ያለው እሱ ጋ ነው። ከአሜሪካዋ የኔብራስካ ግዛት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1926 ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) ገባ። የሚያጠናው የኤሌክትሪክ ሞተር ነበር፤ ሞተሩን የሚያየውም በሚደጋገም ብልጭታ ነው። ብልጭታውና የሞተሩ ዙር ሲገጥሙ የሚሽከረከረው ሞተር ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ሞተርን ያቆመ ብርሃን ሌላውንም ያቆማል ብሎ ወደ ቧንቧ ውሃ፣ ወደ ወፍ ክንፍ፣ ወደ ወተት ዞረ። ዝነኛው የወተት ዘውድ የ1957 ነው። በ1964 ደግሞ ፖም በጥይት ሲበሳ አነሣ። ጥይቱ አልፎ ወጥቷል፣ ፖሙ ገና ቦታውን አልለቀቀም። የፈነዳው ግን በመውጫው በኩል ብቻ አይደለም፤ በመግቢያውም በኩል ሥጋው ወደ ኋላ ይረጫል። ኤጀርተን ራሱን መሐንዲስ እንጂ አርቲስት አይልም ነበር። በ1990 ቢያርፍም በስሙ የተሰየመው ማዕከል እዚያው ኤም አይ ቲ ተማሪዎችን ያስተምራል።

ለመጀመር የዓይን ጠብታ ብልቃጥ፣ ወተትና አንድ ፍላሽ ይበቃሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ፍላሹን እስከ ጥግ ያበረታዋል። የተለመደው የካሜራ ፍላሽ ጉልበቱ ሲቀነስ ነው ብልጭታው የሚያጥረው። ስለዚህ ቀንሰው፣ ከዚያ ወደ ሳህኑ አስጠጋው። እኔ የመጀመሪያውን ዘውድ ያገኘሁት ግማሽ ሊትር ወተት ከፈጀሁ በኋላ ነው። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ፊኛ ሲፈነዳ ለማንሣት የእጅ ፍጥነት አያዋጣም። ፍንዳታውን ሰምቶ ፍላሹን የሚያበራ ማይክሮፎን ያስፈልጋል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ስለሚሄድ ማይክሮፎኑን 34 ሴንቲ ሜትር ብታርቀው ፍላሹ በሰከንድ አንድ ሺኛ ያህል ይዘገያል። ውሃ የሞላው ፊኛ ከሆነ ላስቲኩ ተሸምቅቆ ይሸሻል፣ ውሃው ግን የፊኛውን ቅርጽ እንደያዘ አየር ላይ ይቆማል።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደየሰው ፍላጎት ነው። ኳስ የሚወድ ኳሷ ጫማ ሥር ስትጨፈለቅ ያያል። ክራር የሚመታ የክሩን ንዝረት ይከተላል። ወጥ ቤት የሚያዘወትር ፈንድሻ ይሞክር፤ ለዚህ በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ይበቃል። የበቆሎዋ ፍሬ መጀመሪያ በአንድ በኩል ትሰነጠቃለች። ከስንጥቁ የምትወጣው የመጀመሪያዋ ነጭ አረፋ እንደ እግር ድስቱን ትገፋና ፍሬዋን እያገላበጠች ታዘልላታለች።