በኬርባል ስፔስ ፕሮግራም የሮኬትን የጭነት አቅም መፈተን

የጭነት አቅም ፍተሻ ሮኬት እየሠሩ በሚያስወነጭፉበት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ በኬርባል ስፔስ ፕሮግራም፣ ተጫዋቾች ዘንድ ሥር የሰደደ ልማድ ሲሆን፣ ዓላማው አንድ ሮኬት በጨዋታው ውስጥ መነሻ በሆነችው ፕላኔት በኬርቢን ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ሊያደርሰው የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት በተደጋጋሚ በማስወንጨፍ ለይቶ ማወቅ ነው። ጨዋታው በሜክሲኮ ሲቲ በስኳድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ለሕዝብ ቀረበ።

ኬርቢን 600 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ብቻ ያላት ፕላኔት ብትሆንም በገጿ ላይ ያለው ስበት ከመሬት ጋር እኩል ነው። ከባቢ አየሯ 70 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚያበቃ፣ ብዙ ፈታኞች የ80 ኪሎ ሜትር ክብ ምህዋርን ይመርጣሉ። እዚያ ለመድረስ በሰከንድ 3,400 ሜትር ያህል የፍጥነት ለውጥ ያስፈልጋል፤ በመሬት ግን 9,400 ገደማ ነው። የሩሲያው የሮኬት ሳይንቲስት ጽዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው ቀመር ሲሰላ፣ በሕዋ ውስጥ 310 ሰከንድ ስፔሲፊክ ኢምፐልስ (የሞተር ነዳጅ ቆጣቢነት መለኪያ) ያለው የሜይንሴል ሞተር የተገጠመለት ባለ አንድ ደረጃ (በጉዞው ላይ ተላቆ የሚወድቅ ክፍል የሌለው) ሮኬት ሲነሳ ምህዋር ላይ ከሚደርሰው ክብደት ሦስት እጥፍ ያህል መመዘን ይበቃዋል፤ ለመሬት ቢሆን 22 እጥፍ ገደማ ይሆን ነበር።

የቆየው መለኪያ ጃምቦ-64 የተባለው ብርቱካናማ ታንክ ነው። ሲሞላ 36 ቶን፣ ባዶውን 4 ቶን ይመዝናል፤ በመገጣጠሚያው ሕንፃ ውስጥ የነዳጁን መጠን ከፍና ዝቅ በማድረግ በመካከል ያለውን ማንኛውንም ክብደት ማግኘት ስለሚቻል፣ ከዚህ የተሻለ የሙከራ ጭነት አይገኝም። ሆኖም ታንኩ ከበታቹ ካለው ደረጃ ጋር ነዳጅ በሚያሳልፍ መንገድ ከተያያዘ፣ ከነዳጁና ከኦክሲዳይዘሩ (ነዳጁን ከሚያቃጥለው ንጥረ ነገር) ጎን የሚታዩት የፍሰት ምልክቶች ከመነሳቱ በፊት መዘጋት አለባቸው፤ አለዚያ ሞተሩ ጭነቱን ራሱን እያቃጠለ ይወጣና ሮኬቱ ያልተሸከመውን ተሸከመ ይባላል። ምህዋር ይዞ ነዳጅ ከተረፈው ክብደት ይጨመራል፣ ካልደረሰ ይቀነሳል። አብራሪው ሮኬቱን በእጁ የሚያዘነብል ከሆነ አንዱ በረራ ከሌላው ስለሚለይ፣ ገደቡ ላይ የደረሰ ክብደት ቢያንስ ሦስት ጊዜ መሞከር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ከወጣው 1.0 እትም በፊት የአየር መጎተት በክብደት እንጂ በቅርጽ አይሰላም ነበር፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ውጤቶች ከዛሬዎቹ ጋር አይነጻጸሩም።

የመጨረሻው ደረጃ ባዶ አካል ከጭነቱ ይቆጠር አይቆጠር የሚለው እስካሁን ያከራክራል። አንዳንዶች ምህዋር የያዘው ሁሉ ይቆጠር ይላሉ፤ ትክክለኛው ግን ተላቆ ለብቻው የሚቀረውን ብቻ መቁጠር ነው። አቅጣጫውም አብሮ ይመዘገባል፤ ወደ ምሥራቅ የተወነጨፈ ሮኬት ከኬርቢን መሽከርከር በሰከንድ 175 ሜትር ያህል ስለሚያገኝ፣ ወደ ዋልታ ከሄደው የበለጠ ይሸከማል።