ኤሎ ሬቲንግ ምንድን ነው? ለምንስ እንዲህ ከፍና ዝቅ ይላል?

ቼዝን ትንሽ ጠበቅ አድርጎ መጫወት የጀመረ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ «ሬቲንግህ ስንት ነው?» የሚል ነው። ቁጥሩን ሁሉም በቃሉ ይዞታል። ምን እንደሚለካ ግን ብዙው ልብ ብሎ አያውቅም፤ እንደ ፈተና ውጤት ነው የሚያየው። 1500 ላይ ያለ ሰው «ይሄን ያህል ቼዝ አውቃለሁ»፣ 1420 ሲወርድ ደሞ «ቼዙ ጠፋብኝ» ይላል። ኤሎ የሚባለው ይህ ቁጥር እኮ እውቀት አይለካም። ግምት ነው። እናንተና እከሌ ደጋግማችሁ ብትጋጠሙ ነጥቡ በአማካይ እንዴት ይከፋፈላል የሚል ግምት፣ በቃ።

ስሙ የመጣው ከአርፓድ ኤሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ሃንጋሪ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ ሰው ነው፤ ሚልዋኪ በሚገኘው ማርኬት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ራሱም ቀላል ተጫዋች አልነበረም፤ የዊስኮንሲን ግዛትን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል። ተጫዋቾችን በነጥብ የመደልደል ዘዴ ከሱ በፊትም ነበር። እሱ ያመጣው ነገር ስሌቱን ከፕሮባቢሊቲ ጋር ማያያዝ ነው። መነሻው ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ አንድ ተጫዋች አንዳንድ ቀን ከራሱ በላይ ይጫወታል፣ አንዳንድ ቀን ደሞ ጭራሽ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ስለዚህ አንድን ጨዋታ ብቻ አይቶ ስለ አቅሙ መናገር አይቻልም፣ የብዙ ጨዋታ አማካይ ግን ይናገራል። የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን ዘዴውን በ1960፣ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ደሞ በ1970 ተቀበለው።

ስሌቱን በቁጥር እንየው፣ ከባድ አይደለም። የእናንተ ሬቲንግ 1500፣ የተጋጣሚያችሁ 1700 ነው እንበል። የ200 ልዩነት ሲኖር ከእናንተ የሚጠበቀው በአንድ ጨዋታ 0.24 ነጥብ ገደማ ነው። (ማሸነፍ 1፣ አቻ ግማሽ፣ መሸነፍ 0።) ጨዋታው ሲያልቅ ካገኛችሁት ነጥብ ላይ ይህ 0.24 ይቀነስና ልዩነቱ ኬ በሚባል፣ ሬቲንጉ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ በሚወስን ቁጥር ይባዛል። ኬ 20 ከሆነ ብታሸንፉ 15 ነጥብ ገደማ ታገኛላችሁ፣ አቻ ብትወጡ 5 ትጨምራላችሁ፣ ብትሸነፉ 5 ገደማ ትቀነሳላችሁ። ልዩነቱ 100 ሲሆን ከጠንካራው የሚጠበቀው 64 በመቶ ነው፤ 400 ሲሆን 91 በመቶ ይደርሳል፣ ማለትም በ11 ጨዋታ 10 ነጥብ።

ኬ ለሁሉም ሰው እኩል አይደለም። በፊዴ ረጅም ጨዋታ አዲስ ተጫዋች 30 ጨዋታ እስኪሞላ 40 ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ከ2300 በታች ላለም እንዲሁ 40። ሌላው ሰው 20፣ አንዴ 2400 የነካ ደሞ 10። ልጆቹ 40 የተሰጣቸው ቶሎ ስለሚያድጉ ነው። ታዲያ እሱም አይበቃም። ውድድር ላይ ፊት ለፊት የተቀመጠው የ12 ዓመት ልጅ ወረቀት ላይ 1450 ይሁን እንጂ ባለፉት ወራት ኦንላይን ሌት ተቀን ሲጫወት ከርሞ ቁጥሩ ገና አልደረሰበትም። ትልልቅ ሰዎች ነጥባቸውን የሚጥሉት በብዛት እዚህ ነው፣ ውርደት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከእኩያችሁ ጋር 10 ጨዋታ ብትጫወቱ የሚጠበቅባችሁ 5 ነጥብ ነው። 7 ብታመጡ በኬ 20 ስሌት 40 ነጥብ ትወጣላችሁ፣ 3 ብታመጡ 40 ትወርዳላችሁ። ሳንቲም 10 ጊዜ ብትወረውሩ አንበሳ 7 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የመውጣት ዕድሉ 17 በመቶ ነው፤ 3 ወይም ከዚያ በታች የመውጣቱም እንዲሁ 17 በመቶ። ሳንቲሙ አልሰለጠነም፣ አልደከመውም፣ ሙዱም አልተበላሸም። በቼዝ አቻ ስላለ መዋዠቁ ትንሽ ረገብ ይላል፣ ግን አይጠፋም። አቅማችሁ ምንም ሳይቀየር ቁጥሩ በዚህና በዚያ 40 እና 50 ሊወዛወዝ ይችላል ማለት ነው። ሰው ግን አንድ ወር ታክቲክ ሰርቶ ሬቲንጉ 30 ሲወርድ «ታክቲክ አይጠቅምም» ብሎ መክፈቻ (የጨዋታውን የመጀመሪያ እርምጃዎች) ወደ መሸምደድ ይዞራል። በሚቀጥለው ወር 40 ሲወጣ ምስጋናው ለመክፈቻው ይሆናል! በዚህ አካሄድ ምን እንደሚጠቅማችሁ መቼም አታውቁም።

ሌላው የሚረሳው ነገር ቁጥሩ ለብቻው ቆሞ ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚኖረው አብረዋችሁ በሚጫወቱ ሰዎች መካከል ነው። ለዚህ ማስረጃ ከፈለጋችሁ መጋቢት 2024ን (እ.ኤ.አ.) አስታውሱ። ከታች ያለው ሬቲንግ ተጫዋቾቹን በትክክል ስላልለየ ፊዴ የመነሻውን ወለል ከ1000 ወደ 1400 ከፍ አደረገ፤ ከ2000 በታች ለነበሩት ሁሉ ደሞ እስከ 2000 የቀራቸውን 40 በመቶ ጨመረላቸው። 1500 የነበረው ሰው ተኝቶ ሲነሳ 1700 ሆነ። አንድ እንኳ ጨዋታ ሳይጫወት።

ኦንላይን ላይ ያለውን ቁጥር ከፊዴ ጋር ማወዳደርም ለዚሁ ነው የማያዋጣው። ሊቼስ የሚባለው የኦንላይን ቼዝ ድረ ገጽ የሚጠቀመው ግሊኮ 2 የሚባል፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ማርክ ግሊክማን የሰራውን ዘዴ ነው፤ ሁሉም የሚጀምረው ከ1500 ነው፣ ዘዴው ቁጥራችሁ ምን ያህል እንደሚታመንም አብሮ ያሰላል። አዲስ አካውንት ላይ ከቁጥሩ ጎን የጥያቄ ምልክት የሚታየው ለዚያ ነው። «ሊቼስ ላይ 1900 ነኝ» ብሎ ውድድር ገብቶ 1600 ሬቲንግ ይዞ የሚወጣ ሰው አልተበደለም። ሌላ መንደር ነው የገባው።

እና ቁጥሩ ይህን ያህል የሚዋዥቅ ከሆነ መሻሻላችንን በምን እንወቅ? እኔ የማምነው የተሸነፋችሁባቸውን ጨዋታዎች በማየት ነው። የምትፈልጉት ነገር ደሞ ብዙ ጊዜ በጣም ተራ ነው። የታወቀውን ምሳሌ ልጥቀስ። ሁለቱም የንጉሥ ወታደራቸውን ሁለት ቤት ገፍተዋል። ነጭ ንግሥቱን ኤች5 ላይ አወጣ (ፊደልና ቁጥሩ የሰሌዳውን ቤት ነው የሚጠቁሙት)፤ ጥቁር ወታደሩን ለመጠበቅ ፈረስ ሲ6 ተጫወተ፤ ነጭ ቢሾፑን ሲ4 ላይ አደረገ። አሁን ጥቁር ፈረስ ኤፍ6 ይላል። ሲያዩት ያምራል፤ ፈረስ አወጣ፣ የሰው ንግሥት አስፈራራ፣ መጽሐፉ የሚለውን ሁሉ አደረገ። ንግሥቲቱ ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር ትበላለች፣ ከኋላዋ ቢሾፑ ስለሚጠብቃት ንጉሡ ሊበላት አይችልም፣ ማት። ጥቁር እውቀት አላነሰውም። «ይሄ ሰውዬ አሁን ምን ሊያደርግ ነው?» ብሎ አልጠየቀም እንጂ ጂ6 ብሎ ንግሥቲቱን ማባረር ይችል ነበር።

1500 ላይ በዚህ ማት የሚበላ የለም ማለት ይቻላል። ግን የ1500 ሰው የተሸነፈባቸውን ጨዋታዎች ሰብስባችሁ ብታዩ ያው ነገር ነው፤ የፈረስ ሹካ (ፈረስ በአንዴ ሁለት ነገር ሲያጠቃ)፣ ከኋላ ረድፍ ማት፣ ያለ ጠባቂ የቀረ ቢሾፕ፣ ሁሉም የተጋጣሚ ዛቻ ሳይታይ የተጫወተ እርምጃ። ስለዚህ ጨዋታው ሲያልቅ ኢንጂን (እርምጃዎችን የሚመረምር የቼዝ ፕሮግራም) ለማብራት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ራሳችሁ «የት ጋ ነው የተበላሸው?» በሉ፣ በሁለት ቃል ጻፉት፦ ዛቻ አላየሁም፣ ሰዓት አለቀብኝ፣ ፍጻሜውን አላውቀውም። ከዚያ ኢንጂኑ ያርማችሁ። እንዲህ የተጻፉ ሽንፈቶች ሲጠራቀሙ አንዱ ምክንያት ከሌላው ጎልቶ ይወጣል። ስልጠናውን እሱ ላይ ማድረግ ነው። ያ ምክንያት ከማስታወሻችሁ ላይ እየሳሳ ከመጣ ሬቲንጋችሁ ባይነቃነቅም እየተሻሻላችሁ ነው። ቁጥሩ ዘግይቶ ይመጣል፤ የፊዴ ዝርዝር ራሱ የሚወጣው በወር አንዴ ነው።

እኔ ቢሆን ሬቲንግን የምጠቀምበት ተጋጣሚ ለመምረጥ ነው። ከእናንተ 200 ከሚበልጥ ሰው ጋር ሽንፈት የሚያስከፍለው 5 ነጥብ ብቻ መሆኑን አይተናል። ብዙ ውድድሮች ላይ ተጫዋቾች በሬቲንግ ስለሚከፈሉ፣ ዋንጫ ለማግኘት ታችኛው ምድብ ላይ መቅረት ወይም ከፍ ወዳለው መግባት የእናንተ ምርጫ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከፍ ወዳለው ገብታችሁ፣ አራቱም ተጋጣሚዎቻችሁ በ200 የሚበልጧችሁ ሆነው ከ4 ጨዋታ 1 ነጥብ ብቻ ብታመጡ፣ ስሌቱ ከእናንተ የጠበቀው 0.96 ስለነበር ሬቲንጋችሁ ምንም አይሆንም፤ ለማስታወሻችሁ የሚሆኑ ጥሩ ጥሩ ሽንፈቶች ግን ይዛችሁ ትወጣላችሁ።