ቋሚ መስመርና እኩልዮሹ፣ ከጣና ዳር ሲታይ

ቋሚ መስመር በኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪ ቀጥ ብሎ ሽቅብና ቁልቁል የሚሄድ መስመር ነው። ከዋይ አክሲስ (ሽቅብ ከሚወጣው የመለኪያ መስመር) ጋር ትይዩ ይሆናል፤ አለዚያም ራሱ ዋይ አክሲስ ነው። እኩልዮሹ ኤክስ = ሀ ተብሎ ይጻፋል፤ ሀ የፈለግነው ቁጥር ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የሃይስኩል ተማሪ ያስጠና ሰው ግን ይህች አጭር እኩልዮሽ ስንቱን እንደምታደናግር ያውቃል።

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «መስመሩ የሚወጣው በዋይ አቅጣጫ ነው፤ ታዲያ ለምን በኤክስ ተጠራ?» መልሱ ግንበኛው እጅ ላይ አለ። ቱንቢውን ከግድግዳው ግራ ጥግ 3 ሜትር ርቆ ይለቀዋል እንበል። ክሩ ይወጠራል፣ ትንሽ ይወዛወዝና ቀጥ ይላል። ከላይ ብትለካ ከጥጉ 3 ሜትር ነው። እግሩ ሥር ብትለካም 3። ከፍታው ይለዋወጣል፣ ርቀቱ ግን ንቅንቅ አይልም። እኩልዮሹ የሚናገረው ይህን የማይለወጠውን ብቻ ነው፦ ኤክስ = 3። (3፣ 0)፣ (3፣ 5)፣ (3፣ −2) ሁሉም እዚያ መስመር ላይ ናቸው። ስለ ዋይ ዝም ማለቱ «ዋይ የለም» ማለት ሳይሆን «ዋይ እንዳሻው ይሁን» ማለት ነው። ዋይ አክሲስ ራሱ ኤክስ = 0 የሆነውም ለዚህ ነው።

ትልቁ ጣጣ ስሎፑ ነው። ስሎፕ የዋይ ለውጥ ለኤክስ ለውጥ ሲካፈል ነው። ጣና በማለዳ ረጋ ሲል ስሎፑ ዜሮ ነው። የቤዛዊት ዳገትም ቁጥር አለው፤ ባጃጅ እያቃሰተም ቢሆን ይወጣዋል። የቱንቢው ክር ግን ቁጥር የለውም። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «ዜሮ» ብሎ ይጽፍና ማርክ ያጣል።

ካርታ ላይ እንየው። ጎርጎራ ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሁለቱ መካከል የተሰመረ መስመር ስሎፑ −7 አካባቢ ነው፤ አሉታዊ የሆነው ወደ ግራ ስላጋደለ ነው። የጎን ርቀቱ 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን −70 በሆነ ነበር። 100 ሜትር ቢሆን −700። ወደ ቀኝ ቢያጋድል ኖሮ ደግሞ +700። ልክ ቀጥ ሲል ግን 70ን ለዜሮ አካፍል ይመጣል፤ ይህ ደግሞ አይቻልም። ከግራ ስትጠጋው ቁጥሩ በአሉታዊ ይንራል፣ ከቀኝ ስትጠጋው በአዎንታዊ፤ ሁለቱ አይገናኙም። ስለዚህ ስሎፑ «ወሰን የለሽ» ሳይሆን «ያልተበየነ» ቢባል ይሻላል።

ከዚህ የተነሳ ዋይ = መ·ኤክስ + ለ የሚለው የታወቀው ቀመር (መ ስሎፑ ነው) ቋሚ መስመርን አይችለውም። ሀ·ኤክስ + ለ·ዋይ + ሐ = 0 የሚለው ግን ይችለዋል፤ እዚህ ዋይን የሚያባዛው ለ ዜሮ ሲሆን ዋይ ይጠፋል። ቀጤ ነክ (በ90 ዲግሪ የሚቆራረጡ) መስመሮች ስሎፓቸው ሲባዛ −1 ይሆናል የሚለው ሕግም እዚህ አይሠራም፤ የቋሚው ቀጤ ነክ ሁሌም አግድም ነው። ቋሚ መስመር ፋንክሽንም (ለአንድ ኤክስ አንድ ዋይ ብቻ የሚሰጥ ደንብ) አይደለም፤ ለአንድ ኤክስ ስፍር ቁጥር የሌለው ዋይ ይሰጣልና። ግራፍ ፋንክሽን መሆኑን ለመፈተን የምንጠቀምበት ግን እሱኑ ነው፦ ቋሚ መስመር አንዱን ግራፍ ሁለት ቦታ ከነካው ግራፉ ፋንክሽን አይደለም። ራሱ ወድቆ ሌላውን ይፈትናል።

መስመርን በእኩልዮሽ የመግለጹ ሐሳብ የተስፋፋው ፈረንሳዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ዴካርት በ1637 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ነው፤ ሌላው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ፌርማም በዚያው ዘመን ለብቻው ደርሶበታል።

በካርታ ላይ ኬንትሮስ የቋሚ መስመር ዘመድ ነው። ከባሕር ዳር የባሕር ዳርቻ ተነስቶ ልክ ወደ ሰሜን የሚቀዝፍ ታንኳ ኬክሮሱ ይጨምራል፤ ኬንትሮሱ ግን 37 ዲግሪ ከ23 ደቂቃ አካባቢ እንዳለ ይቆያል። ዝምድናው ፍጹም አይደለም። የወረቀት ቋሚ መስመሮች መቼም አይገናኙም፤ ኬንትሮሶች ግን ዋልታው ላይ ይገናኛሉ። ምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር የሆነው የአንድ ዲግሪ ስፋት ባሕር ዳር ሲደርስ ወደ 109 ወርዷል።