«ድራይ» ወይን ደረቅ ነው እንዴ?

የፋሲካ ዋዜማ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ሰፈራችን ካለች ግሮሰሪ ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ ያሉ አንድ አባት ጠርሙሱን አገላብጠው «ልጄ፣ ወይን እንዴት ደረቅ ይሆናል? ፈሳሽ አይደል እንዴ?» አሉት። ሻጩ ሳቀ እንጂ አልመለሰም። ጥያቄው ግን የብዙዎቻችን ነው።

«ድራይ» ማለት ያልጣፈጠ ማለት ነው፣ በቃ። ወይን ሲጠመቅ እርሾው የፍሬውን ስኳር እየበላ ወደ አልኮል ይቀይረዋል። ስኳሩ ከሞላ ጎደል ካለቀ ድራይ ነው። በደንብ ከቀረ ደግሞ ጣፋጭ። ከኛዎቹ ጉደር ድራይ ነው፣ አክሱሚት ጣፋጭ።

ግራ የሚያጋባው አፍ ማድረቁ ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ታኒን ይባላል። ከወይኑ ልጣጭና ከውስጡ ዘር ይመጣል። ሻይ ቅጠል ብዙ ሲፈላ ምላስ ላይ የሚተወው የመኮማተር ስሜት አለ አይደል? እሱው ነው።

ታዲያ ለዶሮ ወጥ የቱ? በርበሬና ታኒን አይስማሙም። አልኮሉም ጠንከር ካለ ማቃጠሉን ያባብሰዋል። እኔ ለወጡ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ ጣፋጭ ቀይ እመርጣለሁ፤ ለ20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆየዋለሁ። (ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም የሚሉኝ ዘመዶች አሉ፤ ከቀመሱ በኋላ ግን ዝም ይላሉ።) ድራዩን ለጥብሱ አስቀምጡት። የስጋው ስብ ታኒኑን ያለዝበዋል።

የአልኮሉ መጠን ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። 14 በመቶ ካያችሁ፣ ከወጡ አርቁት።